86 ከረጢት ዩሪያ የት ገባ?

ሰኔ 30 ለብዙ ሰው ተራ ቀን ነው። ለንብረት ጠባቂ ግን የዓመቱ ከባድ ቀን ነው። የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፣ መጋዘኑ ይታሸጋል፣ ቆጣሪ ኮሚቴ ይመጣል። ካርድ ላይ የተጻፈው ቁጥርና መሬት ላይ ያለው እቃ ያን ቀን ፊት ለፊት ይገናኛሉ። እኔ የመጀመሪያውን ቆጠራዬን ያየሁት ደብረ ብርሃን፣ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። ከተቀጠርኩ 7 ወሬ ነበር። ካርዱ 2,316 ከረጢት ዩሪያ አለ ይላል። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ቆጥሮ 2,230 አገኘ። 86 ከረጢት የለም። አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ነውና 43 ኩንታል ጎደለ ማለት ነው።

ሰውነቴ ሁሉ ቀዘቀዘ። አልሰረቅኩም። ቁልፉም ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ታዲያ የት ገባ? ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። እናቴ "ልጄ ምን ሆንሽብኝ?" ብትለኝ እንኳ መልስ አልነበረኝም።

ይህን የምጽፈው በቅርቡ ንብረት ጠባቂ ሆነው የተቀጠሩ ሁለት ልጆች ስለጠየቁኝ ነው። ክፍል ውስጥ የተማሩት ሌላ፣ መጋዘን በር ላይ የጠበቃቸው ሌላ ሆኖባቸዋል። የእኔም ነገር እንደዚያው ነበር። እኔን ያስከፈለኝ ነገር እነሱን ሳያስከፍላቸው እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ያ 86 የት እንደገባ ልንገራችሁ። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የተማርኩት ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

በዩኒየኑ የእህል መጋዘኑን የያዙ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ የጨረሱ ናቸው። በማግስቱ ፊቴን አይተው ገባቸው። "ልጄ፣ እቃ እግር የለውም። ወይ በወረቀት ሄዷል፣ ወይ ያለወረቀት ሄዷል፣ ወይ አልመጣም። ሰነዶችሽን ይዘሽ ነይ" አሉኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ሰዓት በኋላ እሳቸው ጋ እየተቀመጥኩ የ7 ወሩን ሰነድ አንድ በአንድ አገላበጥን። የገቢ ሰነዱን ሞዴል 19 በአንድ በኩል፣ የወጪውን ሞዴል 22 በሌላ በኩል፣ ክምሩ ላይ የሚንጠለጠለውን ቢን ካርድ መሀል አድርገን።

የመጀመሪያውን ፍንጭ ያገኙት እሳቸው ናቸው። "ኤንፒኤሱስ?" አሉኝ፣ ሌላኛውን ማዳበሪያ ማለታቸው ነው። እኔ በጎደለው ላይ ብቻ አፍጥጬ የተረፈውን አላየሁም። ኤንፒኤስ በካርድ 1,480 ነው፣ በቆጠራ 1,502። 22 ከረጢት ትርፍ። አዲስ ንብረት ጠባቂ ትርፍ ሲያይ ደስ ይለዋል። ጋሼ ግን ትርፍ ከጉድለት እኩል ያስፈራቸዋል፤ አንድ ቦታ ሲተርፍ ሌላ ቦታ ጎድሏል ማለት ነው። ነገሩ ይህ ነው፦ ከሞረትና ጅሩ ወረዳ በኩል የመጣ አንድ መሠረታዊ የገበሬዎች ማኅበር በወረቀት ኤንፒኤስ ተቆርጦለት፣ ጫኞቹ ከመጨረሻው ክምር የጫኑለት ዩሪያ ነበር። ከረጢቶቹ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ሁለቱ ክምሮች ደግሞ ተጠጋግተው ነበር፣ ምልክትም አልነበራቸውም። ደውለን ስንጠይቅ የማኅበሩ ሰዎች እነሱም ግራ ገብቷቸው እንደነበር ነገሩን። 22ቱ ተገኘ። ቀረ 64።

ሁለተኛው የራሴ ጥፋት ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ አለቃ በስልክ "ለእንትና ማኅበር 40 ከረጢት ስጪልኝ፣ ወረቀቱን ነገ እልካለሁ" ብለውኝ ነበር። ሰጠሁ። የተቀባዩን ፊርማ በብጣሽ ወረቀት ላይ ይዤ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ነገ የተባለው ወረቀት አልመጣም፣ እኔም በሥራ ውጥረት ረሳሁት። ብጣሿን ከኪሴ ሳገኛት አለቀስኩ። ቀረ 24።

ሦስተኛው 14 ከረጢት ነው። እነዚህ የተቀደዱ ናቸው። ጫኞቹ ጥጉ ላይ ጠርገው፣ በአሮጌ ጆንያ መልሰው አስቀምጠዋቸዋል። እቃው እዚያው መጋዘን ውስጥ አለ። ግን ኮሚቴው የሚቆጥረው ሙሉ ከረጢት ነው፣ እኔም ጉዳት ብዬ የመዘገብኩት ነገር የለም። በካርድ ደህና ነው፣ መሬት ላይ ጥራጊ ነው። ቀረ 10።

አሥሩ አልተገኘም። ጋሼ ሰነዱን ሁሉ ካገላበጡ በኋላ አንድ ሞዴል 19 ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። "የዚህ መኪና የቆጠራ ወረቀት የታለ?" አሉ። የለም። የሌሎቹ ሁሉ አለ፣ የዚያ ብቻ የለም። ትዝ አለኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው የደረሰው። ዝናብ ይዘንባል፣ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይሰብራል። ተሳቢ ነው፣ 400 ኩንታል፣ 800 ከረጢት። ሾፌሩ "እህቴ፣ ከጂቡቲ ከተነሳሁ ስንት ቀኔ ነው፣ ፈርሚልኝና ልሂድ" አለኝ። አሳዘነኝ። ሲወርድ ዳር ቆሜ አየሁ እንጂ አልቆጠርኩም። ሸራው ደህና ነው፣ ክምሩም ሙሉ ይመስላል። 800 ብዬ ፈረምኩ። ከ800 ውስጥ 10 ቢጎድል በዓይን አይታይም። ያን ሌሊት ቆጥሬ 790 ብዬ ብጽፍና ሾፌሩን ባስፈርመው ኖሮ ጉድለቱ የአጓጓዡ ይሆን ነበር። ስለፈረምኩ የእኔ ሆነ። የአሥሩ ከረጢት ዋጋ ከደመወዜ በየወሩ ተቆረጠ።

እንግዲህ አስተውሉ። ከ86ቱ ውስጥ መጋዘኑን ሰብሮ የገባ ሌባ የወሰደው አንድም የለም። ሰው መጋዘን ሲባል የሚያስበው ቁልፍ፣ ዘበኛና አጥር ነው። እነሱም ያስፈልጋሉ። ግን እኔ እስካሁን ካየሁት ጉድለት ውስጥ አብዛኛው የተፈጠረው በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ሁላችንም ቆመን እያየን ነው። እቃው ከወረቀቱ ቀድሞ ሲሄድ። አንድ ሰዓት ብቻ እንኳ ቢቀድመው።

ስለዚህ ከዚያ ዓመት ጀምሮ የያዝኩት አንድ ነገር አለ፦ ወረቀት ሳይቀድም እቃ አይንቀሳቀስም። የሚገባውም፣ የሚወጣውም፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ የሚዛወረውም። አለቃ በስልክ ቢያዝ "እሺ ጌታዬ፣ በቴሌግራም በጽሑፍ ይላኩልኝ፣ አሁኑኑ እጭናለሁ" እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ይቆጣሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከሆነ በኋላ ይለምዱታል፣ እንዲያውም ያከብሯችኋል። የሚረከበው ሰው ውክልና ደብዳቤና መታወቂያ ይዞ ካልመጣ፣ ፊቱን ባውቀውም አልሰጥም። ይህ ክፋት አይደለም። ያ ማዳበሪያ ለዘር ወቅት ብሎ ገንዘቡን ቀድሞ የከፈለ የአንድ ገበሬ አደራ ነው። እኛ ጋ የተሳሳተ ቁጥር፣ እዚያ ጊዜው ያለፈበት ማሳ ይሆናል። ማዳበሪያው ከውጭ ተገዝቶ በጂቡቲ በኩል ነው የሚገባው፣ ጎደለ ብለን ነገ ከሱቅ ገዝተን አንተካውም።

ስለ ቆጠራ አንድ ትልቅ ነገር ጋሼ አሳይተውኛል። እኔ ሲወርድ በልቤ ነበር የምቆጥረው። አንድ ሰው "ደህና አደርሽ" ሲለኝ ይጠፋኛል። እሳቸው ቆርኪ ይጠቀሙ ነበር። በር ላይ ይቆማሉ፣ እያንዳንዱ ወዛደር ከረጢት ተሸክሞ ሲያልፍ አንድ የለስላሳ ቆርኪ ይሰጡታል። ወዛደሮቹ የሚከፈላቸው ባወረዱት ልክ ስለሆነ አንዲት ቆርኪ አይጥሉም። እሳቸው ደግሞ ከሚያውቁት ብዛት በላይ እንዳይከፍሉ ይጠነቀቃሉ። መጨረሻ ላይ ቆርኪው ይሰበሰባል፣ ሾፌሩ የያዘው ወረቀትና ቆርኪው ይመሳከራል። ሦስት ሰው፣ ሦስት የተለያየ ጥቅም፣ አንድ ቁጥር። ይሄን ዘዴ ከየትኛውም ትምህርት በላይ እወደዋለሁ። አሁን እኔ ወረቀት ላይ በአምስት አምስት እያሰርኩ እቆጥራለሁ፣ ቆርኪውም አልቀረም።

ሌላው የክምሩ ነገር ነው። ከፊት ሲያዩት ግድግዳ የሚመስል ክምር ሆዱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ጫኞች ሲቸኩሉ ዳር ዳሩን አሳምረው መሀሉን ይዘሉታል። ከዚያ እናንተ ርዝመት በወርድ በከፍታ አባዝታችሁ 400 ትላላችሁ፣ እውነቱ 380 ነው። እኔ አሁን የማደርገው እያንዳንዱ ንብብር እኩል 40 ከረጢት እንዲሆን ነው። አንዱ ንብብር ሞልቶ ሳላይ ቀጣዩ አይጀመርም። 10 ንብብር ሲሞላ 400 ከረጢት፣ 200 ኩንታል። ክምሩ ላይ ካርቶን ቆርጬ የእቃውን ዓይነት፣ የገባበትን ቀንና ብዛቱን በትልቁ ጽፌ እሰቅላለሁ። ከክምሩ የተነሳ ሁሉ እዚያው ካርቶን ላይ ይቀነሳል። ቢን ካርድ ማለት በቃ ይሄ ነው፣ ከእቃው ጋር የሚኖር ካርድ። ሂሳብ ክፍል ያለው ስቶክ ካርድ ሌላ ነው፤ ሁለቱ በተለያየ እጅ የሚያዙት እርስ በርስ እንዲመሳከሩ ነው። ሁለቱንም አንድ ሰው ከያዛቸው ትርጉም የላቸውም። "ከወጪ ቀሪ" የሚለው ዓምድ ያልተሞላበት ካርድ ካያችሁ ደግሞ እዚያ መጋዘን ውስጥ ችግር አለ በሉ፤ እኔ አንድም ጊዜ ተሳስቼ አላውቅም በዚህ።

ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሰው ወደ ጎን የሚያልፍበት ቦታ ተዉ። ለመቁጠርም፣ አይጥ ለማየትም፣ ጣራ ሲያፈስ ለማወቅም። መሬት ላይ በቀጥታ አታስቀምጡ። ዩሪያ እርጥበት ይስባል፣ ከታች ያለው ከረጢት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ፓሌት ከሌለ የባሕር ዛፍ ርብራብ ይሠራል፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ባሕር ዛፍ አይጠፋም። ማዳበሪያና እህል በአንድ ክፍል አይቀመጡም። ቦታ ጠበበ ተብሎ ለአንድ ሳምንት እንኳ።

እህል ያነሳሁት ለአንድ ከባድ ነገር ነው። ነቀዝ ለመግደል በክምር ላይ ሸራ ሸፍነው የሚያስቀምጡት ፍሬ አለ፣ ሰው ፎስቶክሲን የሚለው። ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ መርዛም ጋዝ ይለቃል። ያ ጋዝ ሰው ይገድላል። የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ክፍሉ ተዘግቶ፣ ምልክት ተለጥፎ። ይህን የምለው የእኛን አገር ብርድ ስለማውቅ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ዘበኛ ሌሊት መጠለያ ይፈልጋል፣ መጋዘኑ ደግሞ ከውጪው ይሞቃል። ኑና እቃው መሀል ተኙ የሚል የለም፣ ግን ይተኛሉ። ከሰልም ይዘው ይገባሉ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ራሱ ገዳይ ነው፣ እሳቱም አለ። ለዘበኛው ከመጋዘኑ የተለየች የምትሞቅ ጎጆ እንድትሠራ አለቆቻችሁን ጎትጉቱ። እኔ ሁለት ዓመት ጎትጉቼ ተሠራች። በሥራዬ ከምኮራባቸው ነገሮች አንዷ ያቺ ጎጆ ናት።

በኋላ ከዩኒየኑ ወጥቼ የሸቀጥ ማከፋፈያ ገባሁ። እዚያው ደብረ ብርሃን። ዘይት፣ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ብስኩት ከአዲስ አበባ ተረክበን ለደብረ ሲና፣ ለሸዋ ሮቢት፣ ለአጣዬ፣ በሌላ በኩል ለመሐል ሜዳ የምናደርስ ነን። ዩኒየን ውስጥ ያለው እቃ ሁለት ሦስት ዓይነት ነበር፣ እዚህ 460 ዓይነት ነው። መጀመሪያ ቀን ራሴ ዞረ። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ የት ምን እንዳለ በጭንቅላቱ ነበር የሚያውቀው። እሱ ሲቀር ደግሞ መጋዘኑ ሁሉ ይቆማል፤ አንድ ካርቶን ሻምፖ ለመፈለግ ግማሽ ቀን የፈጀንበት ጊዜ አለ።

እዚያ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ ለእያንዳንዱ መደርደሪያ አድራሻ መስጠት ነው። ረድፉ ፊደል፣ መደርደሪያው ቁጥር፣ ከታች ወደ ላይ ደግሞ ሌላ ቁጥር። "ለ-4-2" ካልኩ ለ ረድፍ፣ አራተኛው መደርደሪያ፣ ሁለተኛው ከፍታ ነው። አንድ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ፈጀብን። ከዚያ በኋላ ዛሬ የተቀጠረ ልጅ እንኳ ወረቀት ይዞ ሄዶ ያመጣል። ቶሎ ቶሎ የሚወጣውን በር አጠገብና በወገብ ከፍታ፣ በወር አንዴ የሚጠየቀውን ከውስጥ። ከባዱን ሁልጊዜ ከታች።

ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ የሚለውን ሁሉም ያውቃል፣ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱም አዲሱ እቃ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው፣ እጅም የሚዘረጋው ወደ ፊት ነው። አያቴ ጅሩ ውስጥ ጎታ ነበራት። ከታች ቀዳዳ ነበረችው፣ በጨርቅ ውታፍ የምትዘጋ። አዲሱ ስንዴ ከላይ ይገባል፣ የሚቀዳው ከታች ነው። አሮጌው ሳያልቅ አዲሱ አይነካም። አያቴ ይሄን ማንም አላስተማራትም። መደርደሪያዎቹን ከግድግዳ አንስተን ከጀርባ የሚሞሉ፣ ከፊት የሚቀዱ ስናደርጋቸው የአያቴን ጎታ ነበር የማስበው። የሚያበቃበት ቀን ላለው እቃ ግን ይሄም አይበቃም። ዘግይቶ የመጣው ቀድሞ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ብስኩትና የሕፃን ምግብ ላይ የማየው የገባበትን ቀን አይደለም፣ የሚያበቃበትን ነው።

የአገራችን አየር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ደብረ ብርሃን ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። መሀላቸው 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። የፓልም ዘይት እኛ ጋ ሌሊት ይረጋል። ደንበኛ ጀሪካኑን አይቶ "ተበላሽቷል" ብሎ ይመልሳል። አልተበላሸም፣ ሲሞቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። አንድ ጊዜ አዲስ ሠራተኛ 18 ጀሪካን ተመላሽ ብሎ ጉዳት ውስጥ መዝግቦ አገኘሁት። ሻማ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እኛ ጋ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሻማ ሸዋ ሮቢት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይጎብጣል። ከዚያ በኩል የሚመጣ ማሾና ማሽላ ቆላ ላይ ሲቆይ ተባዩ ቶሎ ቶሎ ይራባል፣ ደጋ ሲወጣ ይዘገያል። ስለዚህ ቆላ ያሉ ነጋዴዎች እህል ከያዙ ቶሎ ቶሎ እንዲያዩ እመክራለሁ፤ ሁለት ሳምንት ሳታዩት ከቆየ ዱቄቱን ከጆንያው ስር ታገኙታላችሁ።

ጭነት ላይ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፣ እናንተ አትሥሩት። አይሱዙው ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ ነበር የሚሄደው። እኔ ወረቀቱ በመጣበት ቅደም ተከተል አስጫንኩ። የደብረ ሲናው ቀድሞ ተጭኖ ከውስጥ ቀረ። ሾፌሩና ረዳቱ ደብረ ሲና ላይ የሸዋ ሮቢትንና የአጣዬን እቃ መንገድ ዳር አውርደው፣ በዝናብ፣ መልሰው ጫኑ። ሦስት ካርቶን ፓስታ ረጠበ፣ አንድ ካርቶን ሳሙና እስከዛሬ የት እንደወደቀ አልታወቀም። መጨረሻ የሚወርደው መጀመሪያ ይጫናል። አጣዬ ከውስጥ፣ ሸዋ ሮቢት መሀል፣ ደብረ ሲና በር ላይ። በየመሀሉ የካርቶን ግርዶሽ፣ የደንበኛው ስም በማርከር። ከባዱ ከታችና ወደ ፊት። ወደ ደብረ ሲና የሚያወርደውን ጣርማ በርን ወርዶ የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ዋሻ ወጥተህ እየተጠማዘዝክ ስትወርድ የላላ ጭነት አንድ ጎን ላይ ይደፋል። ጉሙ ደግሞ አለ። በክረምት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት መኪና እንዳይነሳ ጠይቄ አስፈቅጃለሁ። ዘግይቶ የደረሰ ሳሙና አይጎዳንም።

መቼ እንደሚታዘዝ ብዙዎች በግምት ነው የሚያደርጉት። "ያለቀ መሰለኝ" ብሎ ማዘዝ። ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። መሐል ሜዳ ያለው መደብራችን በቀን 12 ካርቶን ሳሙና ይሸጣል እንበል። ካዘዘ ጀምሮ እስኪደርሰው በበጋ 4 ቀን ይፈጃል። 12 በ4 ሲባዛ 48። ላልታሰበ ነገር የ2 ቀን መጠባበቂያ፣ 24። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ 72 ሲቀር ያዛል፣ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ክረምት ሲገባ ግን መንገዱ ይበላሻል፣ ናዳም አለ፣ 4 ቀን የነበረው 7 ይሆናል። 84 እና 24፣ ድምር 108። ያው ሳሙና ነው፣ ያው ሻጭ ነው፣ የማዘዣው ቁጥር ግን ከ72 ወደ 108 ይሄዳል። ይህን በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ እቀይረዋለሁ፣ መስከረም መጨረሻ እመልሰዋለሁ። ለገናና ለፋሲካ ደግሞ ለዘይት ብቻ ለየት አድርጌ አያለሁ፤ ጾሙ ራሱ ዘይት ያስጨርሳል።

አሁን ወደ ቆጠራ ልመለስ፣ ልቤ ያለው እዚያ ስለሆነ። ሰኔ 30ን ብቻ የሚጠብቅ መጋዘን ዓመት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ነው። በኅዳር የተሠራ ስህተት ሰኔ ላይ ሲገኝ ማንም አያስታውሰውም። እኔ በቀን 20 ዓይነት እቆጥራለሁ፣ ጠዋት በር ከመከፈቱ በፊት፣ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። 460ው ዓይነት በ23 የሥራ ቀን ያልቃል። ዘይት፣ ስኳርና ሳሙናን ግን ብዙ ብር ስለያዙ በየሳምንቱ እደግማቸዋለሁ። የሚቆጥረው ልጅ የካርዱን ቁጥር አያይም፤ ባዶ ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ካርዱ 36 እንደሚል ካወቀ 36 ያገኛል፣ ሰው ነዋ።

የመጀመሪያው ወር ከ460 ውስጥ ካርዱና እቃው የተገናኙት 371 ነበሩ። አፍሬ ነበር፣ ግን ለሥራ አስኪያጁ እንዳለ አሳየሁት። ከስድስት ወር በኋላ 446 ሆነ። መሀል ላይ ያደረግነው ነገር ቢኖር ልዩነት በተገኘ ቁጥር ቁጥሩን አስተካክለን አለማለፍ ነው። ለምን ሆነ ብለን እንጠይቃለን። አንዱ ሳሙና ሁልጊዜ ይጎድል ነበር፤ ለካ ባለ 48ቱና ባለ 72ቱ ካርቶን በአንድ ስም ነው የተመዘገቡት። ካርዱን ለሁለት ከፈልነው፣ ጉድለቱ ቆመ። ቁጥሩን ዝም ብለን ብናስተካክል ኖሮ እስከዛሬ አንድ ምስኪን ልጅ እየተጠረጠረ ይኖር ነበር። ጉድለት ሲገኝ መጀመሪያ ወደ ሰው ጣት አትቀስሩ። እኔ የተጠረጠርኩባቸውን ሦስት ሳምንታት አልረሳቸውም፤ ሰላምታ የሚነፍጉኝ ነበሩ።

ኮምፒውተር ላይ ስለማድረግ ለጠየቃችሁኝ፦ ጥሩ ነው፣ እኛም ካርዱን ወደ ኤክሴል አዙረነዋል፣ በኋላም ሶፍትዌር ገብቷል። ግን ወረቀቱ ያልተስተካከለ መጋዘን ሶፍትዌር ሲገባለት ስህተቱ በፍጥነት ነው የሚባዛው። መጀመሪያ አድራሻ፣ ካርድና የዕለት ቆጠራ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሥራ አይቆምም፣ የካርድ ልማዱ እንዳይጠፋባችሁ።

የመጨረሻው አዲስ ቦታ ለምትረከቡ ነው። የቀድሞው ንብረት ጠባቂ ሲያስረክባችሁ "ካርዱ ላይ ያለው ነው፣ ፈርሙ" ይሏችኋል። አትፈርሙ። አንድ ሳምንት ቢፈጅም ኮሚቴ ባለበት ቆጥራችሁ፣ የተቀደደውን፣ ያለፈበትን፣ ጥራጊውን ለየብቻ ጽፋችሁ ነው ርክክብ። ቁልፉን ስትቀበሉ ስንት ቅጂ እንዳለው ጠይቁ፣ በርክክቡ ሰነድ ላይም አስጽፉት፤ ካልታወቀ ቁልፉ ይቀየር። ለዓመት ፈቃድ ስትወጡም ያው ነው። እኔ ባለፈው ጥር ለ10 ቀን ስወጣ ለተተኪዬ ሁለት ቀን ሙሉ ቆጥሬ አስረክቤያለሁ፣ ስመለስ ሁለት ቀን ሙሉ ቆጥሬ ተረክቤያለሁ። ባልደረቦቼ "ለ10 ቀን ዕረፍት 4 ቀን ቆጠራ?" አሉኝ። ዕረፍቱን ግን በሰላም ነው ያረፍኩት፤ አንድም ቀን ስልክ አልደወልኩም።